የግቢው ጎመን

ስሜ ሰላም ነው። ያወጣችልኝ እናቴ ናት፤ ካደግኩ በኋላ ግን «ትንሽ ቸኮልኩ መሰለኝ» ትል ነበር። ከልጅነቴ ጀምሮ የተደረገብኝን አልረሳም። «የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም» የሚለው ተረት ስሜን ጠርቶ የተተረተ ይመስለኛል። ስለዚህ ይህን የምታነቡ ሁሉ ከእኔ የይቅርታ ስብከት አትጠብቁ። የማወራችሁ ለአማቴ ማኅበር ስላበሰልኩት አንድ ድስት ቅጠልና ድስቱ ከተከፈተ በኋላ ስለሆነው ነገር ነው።

ነገሩ የተጀመረው ባገባሁበት ዓመት ክረምት ላይ ነው። ያኔ ቦሌ የአውሮፕላን ትኬት የሚቆርጥ ቢሮ ውስጥ እሠራ ነበር። ከባለቤቴ ከዳዊት ጋር ሰሚት ኮንዶሚኒየም ተከራይተን ነበር የምንኖረው። እናቱ እትዬ ዘነበች ገርጂ ሰፊ ግቢ ያለው ቤት አላቸው። በሙያቸው የታወቁ ሴት ናቸው። ቤታቸው የገባ እንግዳ እጁን ታጥቦ ሳይቀመጥ፣ አያታቸው የአንድ ደጃዝማች ግቢ ወጥ ቤት ኃላፊ እንደነበሩ ይነገረዋል። ከእኚህ አያት ወረስኩት የሚሉት አንድ ምግብ አለ፤ «የግቢ ጎመን» ይሉታል። የሚካኤል ማኅበር ተራቸው ሁልጊዜ ነሐሴ ላይ ስለሚውል በዓመት አንዴ፣ በፍልሰታ ጾም፣ ለማኅበርተኛው ያቀርቡታል። ሲሠሩት የወጥ ቤቱን በር ይዘጋሉ። እኔ ምራታቸው እንኳ ሽታውን እንጂ አሠራሩን አላውቅም ነበር።

በዚያ የመጀመሪያ ዓመት እናቴም ለማኅበሩ ተጠርታ ነበር። እናቴ ወርቄ ትባላለች፤ ጎሮ ነው የምትኖረው። ሰፈሩ ሁሉ ፎቅ በፎቅ ሲሆን የእሷ ቤት ከነአሮጌ አጥሩ ወንዙ ዳር ቀርቷል። «ባዶ እጄን የአማትሽ ቤት አልገባም» ብላ፣ እሷም ከአያቷ የተማረችውን የክረምት ምግብ ሠራች፤ ሳማ። የማታውቁት ካላችሁ፣ አዎ፣ ያው የሚለበልበው ሳማ ነው። አበባ ሳያወጣ ለጋው ጫፍ ተቀጥፎ፣ በእሳት ተለብልቦ፣ ተቀቅሎ ይወቀጥና የተቆላ ባቄላ ዱቄት ገብቶበት ይማሰላል። ለጾም ደግሞ የኑግ ጭማቂ ይጨመርበታል። እኔና ወንድሞቼ በዚህ ነው ብዙ ክረምት ያለፍነው፤ ለእኛ የድህነት ምግብ ሳይሆን የነሐሴ ምግብ ነበር።

በሸክላ ድስት አድርጋ፣ በነጭ ጨርቅ ጠቅልላ፣ መገናኛ ላይ ታክሲ ቀይራ፣ በዝናብ መጣች። እትዬ ዘነበች ድስቱን ከፍተው አዩትና ምን እንደሆነ ጠየቁ።

«ሳማ ነው፤ ገና አበባ ያላወጣ ነው» አለች እናቴ።

እትዬ ዘነበች ፈገግ ብለው ወደ ማኅበርተኛው ዞሩ። «እግዜር ይስጥልን። እኛ ቤት እንኳ ሳማ የምናውቀው አጥር ላይ ነው።»

ሴቶቹ ሳቁ። እናቴም አብራ ሳቀች፤ ምን ታድርግ። ድስቱ ወደ ጓዳ ሄደ፤ ማዕዱ ላይ ግን አልተመለሰም። በኋላ እጇን ልትታጠብ ወደ ጓሮ ስትወጣ ተከትያት ወጣሁ። ውሻው በቆርቆሮ ሳህኑ ላይ አጎንብሶ የእናቴን ሳማ ይልሳል። ባዶው ድስት አጠገቡ ተቀምጧል። እናቴ ድስቱን አነሳች፣ ቧንቧው ሥር አጠበችው፣ በጨርቁ ጠቀለለችው፤ ከዚያ ተመልሳ ገብታ እትዬ ዘነበችን ጉንጭና ጉንጫቸውን ስማ ተሰናበተች።

መገናኛ የጎሮ ታክሲ ስንጠብቅ እኔ አለቀስኩ። እሷ ድስቱን በብብቷ ይዛ፣ «ምን ያስለቅስሻል፤ ታጥቧል እኮ» አለችኝ። ከዚያ ወዲህ ገርጂ እግሯ አልረገጠም። አንዴ ወገቧ፣ አንዴ ዝናቡ፣ አንዴ ዘመድ ታሞ፣ ብቻ ሁልጊዜ ምክንያት አላት። ለዳዊት ስነግረው እናቱ እንዲያው አፏ ነው እንጂ ልቧ ደህና ነው፣ በሆድሽ አትያዢው አለኝ። እኔ ደግሞ ነገር የምይዝበት ሌላ ቦታ የለኝም፤ በሆዴ ያዝኩት።

ከዚያ በኋላ ያሉትን ዓመታት እንዴት እንዳሳለፍኳቸው ልንገራችሁ። በዓል በመጣ ቁጥር እትዬ ዘነበችን እስማለሁ። አንቱ እላለሁ። ልብሳቸውን አደንቃለሁ። በአንቱታ የሚጠላ ሰው እንደ እኔ አይገኝም። ቤተ ክርስቲያን አጠገባቸው ቆሜ ስሰግድ እንኳ የማየው ውሻውን ነበር። «ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት» ይባላል፤ ለእኔ ግን ሳሉ አንድም ቀን አላመለጠኝም።

አምና ነሐሴ ሲገባ እትዬ ዘነበች ጉልበታቸውን ቀዶ ጥገና ተደርገው በክራንች ነበር የሚንቀሳቀሱት። ቆመው ማብሰል አይችሉም። አንድ ከሰዓት አስጠሩኝና ሶፋው ላይ እንዳሉ በሩን እንድዘጋ አዘዙኝ። ዘንድሮ የግቢውን ጎመን የምሠራው እኔ መሆኔን፣ አሠራሩን ለእህቴም ለጓደኛዬም እንዳልናገር፣ ከእሳቸው ቀጥሎ የምይዘው እኔ ብቻ መሆኔን ነገሩኝ። ድምፃቸው ርስት የሚያወርሱ ይመስል ነበር። ከዚያ ማዘዝ ጀመሩ።

«ጎመኑን ከማጠብሽ በፊት ሰብሰብ አድርገሽ ትይዢና በእሳት ላይ ትለበልቢዋለሽ፤ ቅጠሉ እስኪዝል።»

«ጎመን ለምን በእሳት ይለበለባል?»

«አያቴ እንዲያ ነው የምታደርገው። ደግሞ ስትይዢው እጅሽን በጨርቅ ጠቅልይ።»

«ለጎመን?»

«አትጠይቂ፤ እንደታዘዝሽው ሥሪ።»

ከዚያ ይቀቀላል፣ ይወቀጣል፣ የባቄላ ዱቄት፣ የኑግ ጭማቂ። እሳቸው አንድ በአንድ ሲያወሩ እኔ ከእሳቸው እየቀደምኩ በሆዴ እጨርሰው ነበር። ሌላ ጊዜ ቢሆን ሁለት ምግብ ተመሳሰለ ብዬ አልፈው ነበር። ጎመን ግን አይናከስም። ጎመን ለመያዝ እጁን በጨርቅ የሚጠቀልል ሰው፣ ጎመንን ከነነፍሱ በእሳት የሚለበልብ ሰው አይቼ አላውቅም። ይህን ሁሉ ጥንቃቄ የሚፈልግ አንድ ቅጠል ነው ያለው። በእትዬ ዘነበች ቤት የሆነ ሰው፣ የሆነ ዘመን ላይ ቅጠሉን ቀይሮታል፤ አሠራሩን መቀየር ግን ረስቷል።

ወደ ሰሚት ስመለስ ታክሲ ውስጥ ብቻዬን ሳቅኩ። አጠገቤ የተቀመጠችው ሴት ቦርሳዋን አቅፋ ወደ መስኮቱ ጠጋ አለች። አልፈረድኩባትም። ስንት ዓመት ሙሉ ስፈልገው የነበረውን ዱላ ባለቤትየዋ ራሳቸው እጄ ላይ አስቀምጠውልኝ ነበር።

በማግስቱ ጎሮ ሄድኩ። የእናቴ አጥር ሥር ሳማው ከወገብ በላይ ደርሷል። አምሮኝ ነው አልኳት። እናቴ የያዝኩትን ዘንቢል አየች፤ ለአንድ ሰው አምሮት ሰፊ ነበር። ምንም አልጠየቀችኝም። እጄን የምጠቀልልበት ፌስታል አምጥታ ሰጠችኝና ጫፍ ጫፉን ብቻ እንድቀጥፍ፣ አበባ የጀመረውን እንድተው ነገረችኝ። ቆማ ታየኝ ነበር። አንዴ ቀና ስል ዓይኗ ዓይኔ ላይ ነበር፤ እኔ ነኝ ቀድሜ ያጎነበስኩት።

የሚካኤል ዕለት ጠዋት ገርጂ ደረስኩ። ማኅበርተኛው ቅዳሴ ላይ ነው፤ ዘጠኝ ሰዓት አካባቢ ነው የሚመጡት። የፍልሰታ ጾም ለሥራዬ ተመቸኝ፤ ጾመኛ አይቀምስም። እትዬ ዘነበች ደግሞ በክራንችም ሆነው ጾም የሚያፈርሱ ሴት አይደሉም። ድስቱ ማዕድ ላይ እስኪቀርብ ድረስ ምን እንደበሰለ የሚያውቅ ምላስ በዚያ ቤት አልነበረም። እኔም ብሆን ጨው እንኳ መቅመስ አልችልም፤ የበቀሌን ጨው በግምት ነው የነሰነስኩት።

ሳማውን ለብልቤ ማጠቢያው ውስጥ ዘርግቼው ሳለ የክራንቹ ድምፅ ኮሪደሩ ላይ ተሰማኝ። ለሽፋን ይዤው ከመጣሁት ጎመን ቅጠል ሁለት ሦስቱን ቶሎ ከላይ ጣል አደረግኩበት። እትዬ ዘነበች በሩ ላይ ቆሙ።

«ለበለብሽው?»

«ለብልቤዋለሁ።»

«እጅሽንስ ጠቀለልሽ?»

«አዎ፣ እትዬ።»

ዓይናቸው ወደ እጄ ወረደ። የፌስታሉ ጫፍ ያልደረሰበት አንጓዬ ላይ ሳማው ለብልቦኝ፣ ቀይ ቀይ ሆኖ አብጦ ነበር። ልብሴን ሳብ አድርጌ ሸፈንኩት። እሳቸው ረዘም ላለ ጊዜ አዩኝ።  አፋቸውን ሊናገሩ ከፈት አድርገው መልሰው ዘጉት፤ ከዚያ ክራንቻቸውን አዙረው ወደ ሳሎን ሄዱ። ተርፌያለሁ ብዬ ተነፈስኩ። አላስተዋሉትም፣ እርጅና ነው አልኩ።

ማኅበርተኛው መጣ። ካህኑ ጸሎት አደረሱ፣ ዳቦው ተባረከ፣ ጽዋው ቦታው ላይ ተቀመጠ። ሽሮው፣ ክኩ፣ ሱፍ ፍትፍቱ ቀረበ። ከመሃል የግቢው ጎመን። እኔ ጠላ እየቀዳሁ ከአፋቸው ላይ ዓይኔን አልነቀልኩም። መጀመሪያ አንድ አንድ ጉርሻ ጎረሱ። ከዚያ አንዷ እንደገና ጠቀለለች። ሌላዋ ከፊቷ ያለውን ወጥ ትታ እጇን ወደ መሃል ዘረጋች። በማኅበሩ በዕድሜ ትልቋ እማሆይ ናቸው፤ ጥርስ የላቸውም። ሲያላምጡ ቆዩና እንዲህ አሉ፦

«ዘነበች፣ የዘንድሮው ከሌላው ጊዜ ለየ። ይሄ ምኑ ነው?»

እትዬ ዘነበች ዓይናቸውን ጨፍነው ነበር የሚበሉት። ሳይከፍቱ መለሱ። «ያው የአያቴ ነው። የግቢው ጎመን።»

ስንት ዓመት የጠበቅኩት ይህን ነበር። ማንቆርቆሪያውን ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥኩ።

«ጎመን አይደለም፣ እትዬ» አልኩ። «ሳማ ነው። ከእናቴ አጥር ነው የቀጠፍኩት። ያን ዓመት ለውሻ የሰጡባት ሳማ ነው።»

የሁሉም እጅ ባለበት ቆመ። ዳዊት በሩ አጠገብ ተቀምጦ ነበር፤ ስሜን ሲጠራ ሰማሁት፤ አልዞርኩም።

«ጎመን በእሳት አይለበለብም። ጎመን ለመያዝም እጅ በጨርቅ አይጠቀለልም። እርስዎ ያዘዙኝን ነው የሠራሁት፤ የአያትዎ ምግብ ድሮውንም ሳማ ነው።»

መጀመሪያ አንዲት ሴት በነጠላዋ አፏን ያዘች። ቀጥሎ ሌላዋ ሳቀች፤ ከዚያ እንደዚያን ዓመቱ ሁሉ ሳቁ። ያኔ የሳቁት ሴቶች ናቸው፤ ሳቁም ያው ነው፤ የተቀየረው የሚሳቅበት ሰው ብቻ ነበር። እማሆይ ብቻ አልሳቁም። እትዬ ዘነበች አፋቸው ውስጥ ያለውን ቀስ ብለው አላምጠው ዋጡት። ፊታቸው አመድ መስሏል።

«ለማኅበርተኛው ጠላ ጨምሪ» አሉኝ። ከዚያ ክራንቻቸውን ፈልገው ተነሱና ወደ መኝታ ቤት ገቡ።

ዋሽቼ የተሻልኩ ሰው መምሰል አልፈልግም፤ ደስ ብሎኝ ነበር። በሕይወቴ እንደዚያች ቅጽበት የጣፈጠኝ ነገር የለም።  ዳዊት ግን እስከ ሰሚት ድረስ ዓይኑን ከመንገዱ ሳይነቅል መኪናውን ነዳ። ደረጃው ላይ ደርሰን «እናቴ እኮ ናት» አለኝ። «የኔዋስ የማን እናት ናት?» አልኩት። ከዚያ በኋላ ለቀናት ከሰላምታ ያለፈ አልተነጋገርንም። ለብቻው ነበር የሚበላው፤ ገርጂም ለብቻው ነበር የሚሄደው።

ያን ዕለት ማታ ለእናቴ ደውዬ ሁሉንም ነገርኳት፤ ሳቁን፣ አመድ የመሰለውን ፊት፣ ክራንቹን። እልል ትላለች ብዬ ነበር። እስከ መጨረሻው ሰማችኝና የጠየቀችኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፦ «በደንብ በስሎ ነበር?» ተናደድኩ። ለአንቺ ብዬ ትዳሬን እስከማናጋት ደርሼ አንቺ ስለ ድስት ታወሪያለሽ አልኳት። «እህ» አለችና ደህና እደሪ ብላ ዘጋችው።

ጾሙ ሊፈታ ጥቂት ሲቀረው ነው እናቴ የደወለችልኝ። እንግዳ እንዳለባትና ቶሎ እንድመጣ ነገረችኝ። ማን እንደሆነ አልነገረችኝም። ቢሮ አስፈቅጄ ሄድኩ። የግቢውን በር ስከፍት በረንዳው ላይ፣ የእናቴ ፕላስቲክ ወንበር ላይ፣ እትዬ ዘነበች ተቀምጠዋል። ክራንቻቸው ግድግዳው ላይ ተደግፏል። ጎሮ ድረስ በዚያ ጭቃ፣ በዚያ ጉልበት፣ ብቻቸውን በታክሲ ነው የመጡት። እኔን ሲያዩ አንገታቸውን ደፉ፤ እኔም በሩ ላይ ቆምኩ።

እናቴ ፊት ለፊታቸው ተቀምጣ እጇን ጭኗ ላይ አድርጋለች።

«ይቀጥሉ» አለቻቸው። «ልጄም ትስማ።»

«ይቅር ይበሉኝ ልል ነው የመጣሁት» አሉ እትዬ ዘነበች።

«ለምኑ ነው?»

«ላጠፋሁት።»

«ምን አጠፉ?»

ድምጿ ያው የሁልጊዜው ለስላሳ ድምፅ ነበር። እትዬ ዘነበች ያቺን ቀን ብለው ጀመሩ፤ የትኛዋን ቀን አለቻቸው። የማኅበሩን ዕለት አሉ፤ ምን ሆነ አለቻቸው። ሁሉንም አስነገረቻቸው። ሳቁን። ጓዳውን። ውሻው ጋ ሲደርሱ ድምፃቸው ተቆረጠ፤ እናቴም አላገዘቻቸውም። ጠበቀች፤ እስኪሉት ድረስ። እኔ የራሴን እናት በዚያች ሰዓት እንደ አዲስ ነው ያየኋት።

ሲጨርሱ ሌላ ነገር አወሩ። አያታቸው የወጥ ቤት ኃላፊ አልነበሩም። የደጃዝማቹን ግቢ ያዩት ከአጥሩ ውጭ ሆነው ነው። በችግር ክረምት ልጆቻቸውን ይዘው የሚቀጥፉት ሳማ የሚገኘው በዚያ አጥር ሥር ነበር፤ «የግቢው» የተባለው ለዚያ ነው። አዲስ አበባ ከገቡ በኋላ የእትዬ ዘነበች እናት፣ ሰው እንዳይንቀን ብለው ቅጠሉን በጎመን ተኩት፤ አጥሩንም ወጥ ቤት አደረጉት። እትዬ ዘነበች ልጅ ሆነው ሳማውን በልተዋል። የእናቴን ድስት ሲከፍቱ ሽታው የልጅነታቸውን ቤት አመጣባቸው፤ ማኅበርተኛው የሚያውቅባቸው መሰላቸውና ደነገጡ።

ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። «ወጥ ቤት እጅሽን አይቼ ነበር፤ ሳማ የለበለበውን እጅ መቼ አጣዋለሁ። ላስቆምሽ አልኩና ተውኩት። ሳልሞት አንዴ ልቅመሰው ብዬ ነው።»

 ዓይናቸውን ጨፍነው ሲበሉ ትዕቢት የመሰለኝ ምን እንደነበር ያኔ ገባኝ።

እናቴ ብድግ አለች። «በሉ፣ ዛሬ ከእኛ ጋር ነው የሚበሉት» አለቻቸው። «ሳማ የሚበላ ሰው ግን ራሱ ነው የሚቀጥፈው። የዚህ ቤት ደንብ ነው።»

እንዲህ ያለ ደንብ በቤታችን ኖሮ አያውቅም። እናቴ ዱካ አንስታ ወደ አጥሩ ወሰደች፤ ለታመመው ጉልበት እንዲመች፣ ልክ ሳማው አጠገብ፣ ደልደል አድርጋ አስቀመጠችው። እትዬ ዘነበችን ክንዳቸውን ይዛ በጭቃው ላይ ቀስ ብላ አደረሰቻቸውና አስቀመጠቻቸው። ሰፌድ አቀበለቻቸው። እኔ ፌስታል ላመጣ ስል እናቴ አየችኝ።

«ተይው» አለችኝ።

እትዬ ዘነበችም ሰምተዋል። እናቴን ቀና ብለው አዩዋት፣ ከዚያ ሳማውን አዩት። ነጠላቸውን ወደ ትከሻቸው መልሰው ባዶ እጃቸውን ዘረጉ። መጀመሪያ ሲነካቸው ትከሻቸው ተሰበቀ፤ አልጮኹም። ቀጠፉ። ደግመው ቀጠፉ። ለጋውን እየመረጡ፣ አበባ የጀመረውን እያለፉ፤ ጣታቸው አልረሳውም። እናቴ እጇን አጣምራ ከጎናቸው ቆማ ታያለች። ከመንገድ የታክሲ ረዳት «መገናኛ! መገናኛ!» ሲል ይሰማል። የእጃቸው ጀርባ ቀላ፣ አበጠ፣ እብጠቱ ወደ አንጓቸው ወጣ። እኔ ነኝ ማየት ያቃተኝ። ይብቃቸው ልላት ነበር፤ ከአፌ አልወጣም። ያን ሁሉ ዓመት የእትዬ ዘነበችን ሥቃይ የተመኘሁት እኔ ዓይኔን አዙሬ፣ ምንም ያላለችው እናቴ ዓይኗን ሳትሰብር ትቆጣጠር ነበር።

ሰፌዱ ሲሞላ «ይበቃል» አለች። ጎንበስ አለችና ሳማው ሥር የበቀለውን ቱልት ቆረጠች። ልጅ ሆነን ሳማ ሲለበልበን በእሱ ነበር የምታሸን። ቅጠሉን በመዳፏ መሃል አሽታ ውኃ ሲያወጣ እትዬ ዘነበች እግር ሥር ጭቃው ላይ ተንበረከከች፤ እጃቸውን ሳብ አደረገችና ጣት በጣት ትቀባቸው ጀመር። እትዬ ዘነበች ያኔ ነው ያለቀሱት። እናቴ አላባበለቻቸውም፤ መቀባቷንም አላቆመችም።

እናንተ ብትሆኑ ምን ትሉ እንደነበር አላውቅም። እኔ ያን ቀን የተረዳሁትን ልንገራችሁ። እናቴ ትታዋለች፣ ረስታዋለች፣ የሷን ቂም እኔ ካልያዝኩላት ማንም አይዝላትም ብዬ ነበር ዓመታት ያሳለፍኩት። እሷ ግን አልተወችውም ነበር። ባለቤቷ እሷ ነበረች፤ ልኩንም የምታውቀው እሷ ነበረች። እኔ ያንን ሁሉ ሰው ሰብስቤ፣ ጾም ያደከማቸውን አሮጊት አስቄባቸው፣ ልክ የሌለው ነገር አደረግኩ። እሷ ማንም ሳያይ፣ አንድ ሰፌድ ብቻ አስቀጠፈቻቸው፤ መድኃኒቱን ደግሞ እዚያው አጠገቡ አየችው። በተናገርኩት አልተጸጸትኩም፤ ባልናገር እትዬ ዘነበች ጎሮ አይመጡም ነበር። ግን ከዚያ ወዲህ የሌላ ሰው ቂም ይዤ አልዞርም። የራሴ ይበቃኛል፤ ለእሱም ቢሆን መጀመሪያ ቱልቱ የት እንደበቀለ እፈልጋለሁ።

ዳዊት ያን ዕለት እናቱን ሊወስድ ሲመጣ ሁለቱን ሴቶች ከአንድ ትሪ ሲበሉ አገኛቸው። በሩ ላይ ቆሞ ሲያይ ቆየና ጫማውን አውልቆ አጠገቤ ተቀመጠ። እናቱን እጅሽ ምን ሆነ ቢላቸው ሳማ ስቀጥፍ ነው አሉት። ዘንድሮ ደግሞ ማኅበሩ ላይ እናቴ ያንኑ የሸክላ ድስት ይዛ ገርጂ መጣች። እትዬ ዘነበች በር ድረስ ወጥተው በሁለት እጃቸው ተቀበሏት፤ ማዕዱ መሃል አስቀምጠውም ስሙን ራሳቸው ጠሩት።

በዚያ በጎሮው ቀን ሳማው እሳት ላይ ሳለ ግን ጓዳ ገብቼ እናቴን ጠይቄያት ነበር። እትዬ ዘነበች በረንዳው ላይ ተቀምጠው እጃቸውን ያራግባሉ፤ በመስኮቱ ይታያሉ።

«እማዬ፣ እና ይቅር አልሻቸው ማለት ነው?»

ማማሰያውን ሳታቆም በመስኮቱ አየቻቸው።

«እጃቸው ይብረድ እስቲ መጀመሪያ» አለችኝ።